ግንፍሌ እንቅር ወይስ ኮዬ ፈጬ እንግባ? የአካባቢ ፖለቲካና የመኖሪያ ቦታ ምርጫ

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ግንፍሌ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እናቴ እዚያው ሰፈር በቀበሌ ቤት ውስጥ ናት፤ ስኳርና ደም ግፊት ስላለባት በየወሩ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። ለዐሥራ አንድ ዓመት ቆጥበን ቤት ለመግዛት ደርሰናል፤ ሦስት አማራጭ ቀርቦልን ግን መወሰን አቃተን። አንደኛው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለ ዘጠና ካሬ ላይ ያረፈ የጭቃ ቤት ነው፤ ካርታ አለው፤ ዋጋውም ከጠበቅነው በታች ነው። ሁለተኛው ደላላ ያመጣልን የቀበሌ ቤት ነው፤ ‹ቁልፍ ብቻ ነው የምትገዙት› ይለናል። ሦስተኛው ኮዬ ፈጬ ያለ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሻጩ በውክልና አስተላልፋለሁ ብሏል። ባለቤቴ ‹ምርጫው ይለፍና ማን ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ እንይ› ይላል። ወንድሜ ደግሞ ‹ከመሀል ከተማ ውጡ፣ ሁሉም መፍረሱ አይቀርም፤ የራሳችሁ ሰዎች የሚበዙበት ሰፈር ፈልጉ› ይለናል። በፖለቲካ በኩል አስተማማኝ የሆነው ሰፈር የትኛው ነው?»

ምላሽ፦ በፖለቲካ በኩል አስተማማኝ የሆነ ሰፈር በአዲስ አበባ የለም፤ አስተማማኝነቱ የተለያየ ይዞታ ግን አለ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲያውም በአንድ አጥር ውስጥ፣ ለሠላሳ ዓመት የሚጸናና በአንድ ደብዳቤ የሚነሣ መኖሪያ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ «የትኛው ሰፈር?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ያስቀድሙ፦ በመሬቱና በቤቱ ላይ የማገኘው መብት ምን ዓይነት ነው? የከተማው ፕላን ለዚያ ቦታ ምን ወስኖለታል? ቦታው በየትኛው አስተዳደር ወሰን ውስጥ ነው? የአካባቢ ፖለቲካ ወደ አንድ ቤተሰብ ጓዳ የሚገባው በአብዛኛው በእነዚህ ሦስት በሮች ነው፤ የቀረበልዎት እያንዳንዱ ቤትም ከሦስቱ በአንዱ በኩል ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር። ምርጫ እስኪያልፍ መጠበቅ ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህች ከተማ መኖሪያን የሚወስኑት ነገሮች ከሹመት ዘመን ይረዝማሉ። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በአቶ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፎ ሥልጣኑን ሳይረከብ ሲቀር ከተማዋ እስከ 2000 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ቆየች፤ በመዲናዋ ታሪክ ከዚያ የከረረ የምርጫ ውዝግብ አላውቅም። ግንባታው ግን አልቆመም። በአቶ ኩማ ደመቅሳ፣ በአቶ ድሪባ ኩማ፣ በኢንጂነር ታከለ ኡማና በወይዘሮ አዳነች አቤቤ ዘመንም የቤቶቹ ዕጣ ቀጠለ። መሪ ፕላኑም እንዲሁ ነው፤ አሁን ያለው መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. ላሉት ዐሥር ዓመታት የተዘጋጀ ሲሆን በሦስት ከንቲባዎች ሥር አልፏል። ሹም ሲለወጥ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ የሥራው ፍጥነትና ቅደም ተከተሉ ነው፤ በእርስዎ ቦታ ላይ የተሰመረው መስመር በምርጫ ማግስት አይጠፋም። ባለቤትዎ መምረጥ አለባቸው፤ ድምፃቸውን ግን ለቤት ግዢ ቀን መቁጠሪያ አያድርጉት።

ፖለቲካ በመኖሪያ ቦታ ላይ ማረፉም በእኛ ዘመን የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከጅምሯ የተቆረቆረችው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንት በተሰጡ ቦታዎች ሲሆን ወታደሩና ሎሌው በጌታው ግቢ ዙሪያ ሰፈረ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበትም ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ከግንፍሌ ማዶ ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከታሰቡት ቤቶች መጠሪያ ነው፤ በዚያው ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ለአገሬው ሰው ወደ ተመደበው መርካቶ ተዛወረ። ከሁሉ የጠለቀውን አሻራ የተወው ግን በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለውን ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ኪራዩ በወር ከመቶ ብር ያልበለጠውን ቤት ለቀበሌ ሰጠ። ኪራዩ በዚያው ዝቅተኛ መጠን ስለቆየ ከመሀል ከተማ የሚለቅ ሰው ጠፋ፤ ዶክተሩና ጉሊት ቸርቻሪዋ በአንድ ጊቢ የመኖራቸው ምሥጢር ይህ ነው። እናትዎ ዛሬ ከአራት ኪሎ በእግር በሚደረስበት ቦታ መኖር የቻሉት በዚያ አዋጅ ነው። ያ አዋጅ የሰጠውን ቦታ በመልሶ ማልማት ስም የሚያነሣውም ሌላ አዋጅ ነው።

አሁን ወደ ዘጠና ካሬው ቤት እንምጣ፤ ረዘም አድርጌ የማብራራው እሱን ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት ግዢ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ያጡ ሰዎች ሃያ ዓመት በሠራሁበት ሙያ በተደጋጋሚ ገጥመውኛል፤ ካርታ ስላለው ብቻ ልባቸው የረጋ ሰዎች ነበሩ።

በመጀመሪያ ካርታው የሚያረጋግጠው የሻጩን ባለይዞታነት ነው፤ ቦታው ለወደፊት ለምን አገልግሎት እንደተመደበ የሚነግርዎ ግን የፕላን ስምምነት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ ከተለያዩ ጠረጴዛዎችም ይወጣሉ። ፕላኑ ቦታውን መንገድ፣ አረንጓዴ ስፍራ ወይም ቅይጥ አገልግሎት ያለው ረጅም ሕንፃ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ካርታው ስለዚህ አንድ ቃል ላይናገር ይችላል። በመሀል ከተማ በብዙ ቦታ ዝቅተኛው የፎቅ ከፍታ ስለሚወሰን በዘጠና ካሬ ላይ ብቻዎን የሚፈቀደውን ሕንፃ ለመሥራት ቦታውም አቅምዎም አይበቃም፤ ከጎረቤት ጋር ካልተጣመሩ በቀር የግንባታ ፈቃድ አያገኙም፤ ግድግዳው ሲያዘም ለማደስ የሚጠይቁት ፈቃድም ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ የሚገዙት ቤት እያረጀ የሚሄድ፣ መልሰው ሊሠሩት የማይችሉት ቤት ሊሆን ይችላል። «ኮሪደሩ አጠገብ ያለ ቦታ ዋጋው ይንራል» የሚለው የደላላ አባባልም የሚሠራው ለትልቅ ይዞታና ለትልቅ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ሊዝ ነው፤ የከተማ መሬትን ለተወሰነ ዘመን በውልና በክፍያ ከመንግሥት የመያዝ ሥርዓት ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥሪት እንደሚገባ ይደነግጋል። ሻጩ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ብቻ እየከፈለ የኖረበትን መሬት እርስዎ በሊዝ ውል ይረከቡታል ማለት ነው። ለሻጩ ከሚከፍሉት ዋጋና ከስም ማዛወሪያው በላይ የሚመጣ ዕዳ ነው። ዋጋው «ከጠበቅነው በታች» የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ሻጩ ያውቀዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ካሳ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእርስዎ የሚሆነው በመሬቱ ላይ በጉልበትዎና በገንዘብዎ ያፈሩት ንብረት ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታ የሚለቀቅበትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336 የተሻሻለው፣ ካሳውን የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፤ ቤቱን ዛሬ መልሶ ለመሥራት የሚፈጀውን ወጪ መነሻ ያደርጋል። ይህን ከገበያው ጋር ያስተያዩት። ከአራት ኪሎ በታች ላለ አሮጌ የጭቃ ቤት የሚጠየቀው ገንዘብ ለቆርቆሮውና ለጭቃው አይደለም፤ ለቦታው ነው፤ ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ፣ ታክሲ ከደጅ ስለሚገኝ ነው። ቤቱ ሲነሣ ካሳ የሚከፈለው ደግሞ ለቆርቆሮውና ለጭቃው ነው። ለቦታው በምላሹ ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት ይሰጣል፤ ምትኩ የሚገኘው ግን ባዶ መሬት ባለበት በከተማው ዳር ነው። ገዢው የመሀል ከተማ ዋጋ ከፍሎ የዳር ከተማ ምትክ ይረከባል፤ በመካከል የጠፋውን ልዩነት የሚተካለት ማንም የለም። በውርስ ወይም ከጥንት ጀምሮ የያዘ ሰው ይህን ኪሳራ በዚህ መልክ አያየውም፤ ለቦታው ገንዘብ አልከፈለማ። ስለዚህ አንድ ሰፈር ለነባር ነዋሪው ሊያስኖር የሚችል ሆኖ ለአዲስ ገዢ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥጋት የሩቅ አይደለም። ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ተነሡ፤ በ2017 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ከእርስዎ ሰፈር ተሻግሮ ያለው ካዛንቺስ ተከተለ፤ ብዙው ነዋሪም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የዳር ሰፈሮች ሄደ። በካዛንቺስ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያየሁት ከዐይኔ አይጠፋም። አንድ የእድር ዳኛ የእድሩን ድንኳን፣ ብረት ድስቶችና አግዳሚ ወንበሮች አስወጥተው በመንገድ ዳር ደርድረው ቆመው ነበር። ግማሹ አባል ገላን ጉራ ደርሶታል፤ ሌላው ቦሌ አራብሳ፤ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ልጆቹ ዘንድ ሄዷል። ዕቃው በየትኛው መኪና ይጫን? ማንም መልስ አልነበረውም። ካሳ የሚያሰሉት ሠንጠረዦች ይህን የሚያስገቡበት ረድፍ የላቸውም ብዬ ለረጅም ጊዜ ስከራከር ነበር፤ አዋጁ ማኅበራዊ ትስስር ሲቋረጥ ስለሚከፈል ካሳ መናገሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለአርባ ዓመት አብሮ የቀበረ እድር በብር አይመለስም። እርስዎ ለሰፈርዎ ያለዎት ፍቅር ትክክል ነው፤ ፍቅሩን በተሳሳተ ወረቀት ላይ እንዳያውሉት ነው የምፈራው።

ወንድምዎ «ሁሉም መፍረሱ አይቀርም» ማለታቸው ግን ትክክል አይደለም። በመሀል ከተማ ከፕላኑ ጋር የተስማሙ፣ በካዳስተር (በይዞታ ልኬትና ምዝገባ) የተረጋገጡና ለብዙ ዘመን የሚቆዩ መኖሪያዎች ብዙ ናቸው። ግንፍሌ ራሱ ላይ ኮንዶሚኒየም አለ፤ ባልደራስም አለ። እነዚህ ቦታዎች ቀድሞውኑ ተጠንተው፣ ፈርሰውና በፎቅ የተተኩ ስለሆኑ ዳግመኛ የመነሣት ዕድላቸው ከጭቃ ሰፈሩ በእጅጉ ያነሰ ነው። ፈጽሞ አይነኩም አልልም፤ መንገድ ሲሰፋ ያልተጠበቀ ነገር ሊመጣ ይችላል።

የቀበሌ ቤቱን ቁልፍ በተመለከተ ብዙ ቃል አላባክንም። አይግዙ። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት ነው፤ ተከራዩ የሚሸጠው መብት የለውም፤ እርስዎም ገንዘቡን ከፍለው የሚይዙት ነገር የለም። ቆጠራ ሲመጣ ከመዝገቡ ስም ጋር የማይገጥም ሰው ቤቱን ይለቃል፤ ሰፈሩ ሲነሣም ምትክ ቤት የሚሰጠው ስሙ በውሉ ላይ ላለው ተከራይ ነው። ገንዘቡን የተቀበለዎት ሰው ተመልሶ መጥቶ ምትኩን ይወስዳል፤ እርስዎ የሕገ ወጥ ውል ተካፋይ ስለሆኑ ለመክሰስ እንኳ ይቸገራሉ።

ኮዬ ፈጬ የተለየ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ የሚነገረው ፍርሃትም የሚነገረው ማባበያም ተጋኗል። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤቶቹን የሠራው የአዲስ አበባ አስተዳደር ሲሆን መሬቱ በከተማዋና በኦሮሚያ መካከል የወሰን ጥያቄ የነበረበት ነው። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ ርክክቡም ቆመ። የተቃወሙት ሰዎች ቁጣ ከየት እንደመጣ መረዳት ያስፈልጋል፤ ከዚያ መሬት የተነሡት አርሶ አደሮች በጥቂት ካሳ የለቀቁ ናቸው፤ ከዚያ ቀደምም በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰረዘው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሣው ሕዝባዊ ተቃውሞ የዚሁ የመሬት ጥያቄ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን ላይ መስማማታቸው ሲገለጽ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ተካለለ፤ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ነው።

ይህ ምን ይለውጣል? ቤቱ ላይ ያለውን ባለቤትነት አይሽርም፤ ወሰን የንብረት መብት አያጠፋም፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ቦታ የመኖር መብቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የተረጋገጠ ነው። የሚለወጠው የሚያስተዳድርዎ ቢሮ ነው፤ መታወቂያ የሚሰጥዎ፣ ግብር የሚሰበስብዎ፣ ውልዎን የሚመዘግበው፣ ልጆችዎን የሚያስተምረው የመንግሥት ትምህርት ቤት የክልሉ ይሆናል፤ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ይህ ምንም እንቅፋት አይሆንም፤ ለአንዳንዱም ልጆቹ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያገኙበት መልካም ዕድል ነው። የእርስዎ ልጆች ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ አልነገሩኝም፤ ትልቁ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ከደረሰ በዚያ ዕድሜ የማስተማሪያ ቋንቋ መለወጥ ከባድ ነው፤ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአቅራቢያ መኖሩን ሄደው በዐይንዎ አይተው፣ ርእሰ መምህሩን አነጋግረው ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። ሥራችሁ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ዙሪያ ከሆነ ደግሞ የጠዋቱንና የማታውን ጉዞ ለአንድ ሳምንት በተግባር ሞክሩት፤ ለተጨማሪው መኝታ ክፍል የምትከፍሉት ዋጋ በየቀኑ ከልጆቻችሁ ጋር ከምታሳልፉት ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው።

ከወሰኑ ይልቅ በዚህ ግዢ ላይ የሚያስፈራኝ «በውክልና» የሚለው ቃል ነው። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ እንዳይተላለፍ ገደብ ስላለበት ብዙ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢው ውክልና ይሰጣል። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። ወካዩ ሲፈልግ ይሽረዋል፤ ሲሞትም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ውክልናው ያበቃል፤ ቤቱ በስሙ ስለሆነ ወደ ወራሾቹ ይሄዳል። አንድ አባት በዚህ ዓይነት የገዙትን ቤት አራት ዓመት ኖረውበት፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሰው፣ የሻጩን ሞት የሰሙት የሻጩ ልጆች የወራሽነት ማስረጃ ይዘው በር ሲያንኳኩ ነው። ቢሮዬ መጥተው ውክልናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «ማኅተም አለው እኮ» ይሉኝ ነበር። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፤ የሚያዝበት ሰው ግን የለም።

ወንድምዎ «የራሳችሁ ሰዎች የሚበዙበት ሰፈር» ያሉትን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ያለፉት ዓመታት ሰውን ምን ያህል እንዳስፈሩት አውቃለሁና በፍርሃቱ አልፈርድም። ነገር ግን እንደ መኖሪያ መምረጫ አይረባም። ሰፈር በአንድ ወገን ሲሞላ ደላላው ዋጋ ይጨምራል፤ ቤቱ ሲሸጥ የገዢው ቁጥር ይቀንሳል፤ ውጥረት ሲመጣም እንዲህ ያለው ሰፈር ቀድሞ በጣት የሚጠቆም ይሆናል። በመሀል አዲስ አበባ በክፉ ቀን ሰውን ያተረፈው ጎረቤት ነው፤ ለቅሶ አብሮ የተቀመጠ፣ የልጆቹን ስም የሚያውቅ። የእርስዎ እናት ሌሊት ስኳራቸው ቢወርድ በር የሚከፍትላቸው ማን እንደሆነ ያስቡ፤ እሱ ነው «የራስዎ ሰው»።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰዎች የሚዘነጉት በወረዳ ደረጃ ያለውን ነገር ነው። በዕለት ኑሮ ላይ የከንቲባውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚያርፈው ወረዳው ነው። ዘይትና ስኳር በሸማቾች ማኅበር የሚከፋፈለው ለወረዳው ነዋሪ ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር የሚወጣውና የሚታደሰው በወረዳ ነው፤ ለምርጫ የሚመዘገቡትም ቢያንስ ስድስት ወር በኖሩበት ምርጫ ክልል ነው። አካባቢ ሲቀይሩ ከለቀቁት ወረዳ መሸኛ ያወጣሉ፤ መሸኛው እስኪደርስ አዲሱ ወረዳ አይመዘግብዎትም። ፋይዳ መታወቂያ ካለኝ ይበቃኛል የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ፋይዳ ማንነትን እንጂ የወረዳ ነዋሪነትን አያረጋግጥም። በየወሩ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የመድን ደብተሩ ሳይዛወር የሚያልፉት ሁለትና ሦስት ወራት ቀላል አይደሉም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከሦስቱ አንዱንም አይግዙ። ግንፍሌ ተከራይተው ይቆዩ፤ ኪራዩን ግን በቃል ስምምነት አይተዉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። አከራይዎ ለመመዝገብ ያመነቱ ይሆናል፤ ግብሩን ስለሚፈሩ ነው፤ በትሕትና ግን በጽናት ይጠይቋቸው፤ ምዝገባ የሁለቱም ወገን ግዴታ መሆኑን ያስረዷቸው።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግንፍሌ፣ ባልደራስ ወይም ከሥራችሁ በአንድ ታክሲ በሚደረስ ሌላ ነባር ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ገደቡን የጨረሰና ካርታው በሻጩ ስም የወጣ ቤት ፈልጉ። ባለ ሦስት መኝታ አይሆንም፤ ምናልባት ባለ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ይጠብባችኋል። ለእናንተ ግን የጠበበ የራስ ቤት ከሰፊ የሰው ቤት ይሻላል፤ በውክልና የሚያዘው ኮዬ ፈጬ ያለው ቤት ደግሞ እስከ ስም ዝውውሩ ቀን ድረስ የሰው ቤት ነው። ያንኑ ቤት በጣም ከወደዳችሁት ገደቡ እስኪያበቃ ጠብቃችሁ፣ ሻጩ ራሱ ቀርቦ ስም ሲያዛውር ብቻ ግዙ፤ ቀብድም ቢሆን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። በየትኛውም ግዢ ላይ ከፊርማው በፊት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቁ። የአራት ኪሎው ሻጭ ከተመለሰ ደግሞ የፕላን ስምምነቱን አውጥቶ እንዲያሳይዎ ይንገሩት፤ በርግጥ የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው ይህን ለማድረግ አይከፋም፤ ለመልሶ ማልማት በተያዘ ክልል ውስጥ ከሆነ የስም ዝውውሩም ሊታገድ ስለሚችል እውነቱ እዚያው ይታያል።

ሳልጽፈው የማላልፈው አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ እሱም የእናትዎ ቤት ነው። የቀበሌው የኪራይ ውል በማን ስም ነው? በብዙ ቤት ውሉ አሁንም በሟች ባል ወይም በሟች እናት ስም ተቀምጦ ሚስቲቱ ወይም ልጅቱ ለሃያ ዓመት ኪራይ ትከፍላለች፤ ሰፈሩ ሲነሣ ግን ምትክ ቤት የሚታደለው በመዝገቡ ላይ ባለው ስም ነው፤ በዚያ ሳምንት ስም ለማስተካከል ቢሞከር ሰልፉም ጊዜውም አይበቃም። አባትዎ ከዚህ ዓለም የተለዩ ከሆነና ውሉ በእሳቸው ስም ከሆነ የጋብቻውን፣ የሞቱንና የነዋሪነቱን ማስረጃ፣ የቅርብ ጊዜ የኪራይ ደረሰኞችንም ጨምረው እናትዎን ይዘው በዚህ ሳምንት ወደ ወረዳው ይሂዱ። የሚሰጥዎትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይመዝግቡ፤ ቅጂውን ከመድን ደብተራቸው ጋር በአንድ ላይ ያስቀምጡ።